ጠንቃቃ ሒሳብ ኢንቨስትመንት ያግዳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ 30 መዝገብ ተዘግቶ ሪፖርቱ ሲወጣ ባሕር ዳርም እንደ ሌላው ከተማ የባለአክሲዮኑ ቅሬታ አንድ ነው፦ «አካውንታንቱ ትርፋችንን በላው!» የሒሳብ ጥንቃቄ ግን ቀላል ነገር ነው። የኪሳራ ምልክት ሲታይ ቶሎ ይመዘገባል፤ ትርፍ እርግጥ እስኪሆን ይጠብቃል። «ላም አለኝ በሰማይ» የተባለላት ላም ከሀብት አትቆጠርም።

«ጥንቃቄ ኢንቨስትመንትን ያግዳል»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከጣና ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልስ ድርጅት አለ እንበል። ጀልባው መዝገብ ላይ 3 ሚሊዮን ብር ነው። ጎብኚ ጠፋ። አሁን ቢሸጥም ቢሠራበትም ከ1.8 ሚሊዮን በላይ አያስገኝም። የሀብት ዋጋ መውረድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ፣ በአይ.ኤ.ኤስ 36፣ መሠረት ልዩነቱ፣ 1.2 ሚሊዮን ብር፣ በዚያው ዓመት ኪሳራ ተብሎ ይያዛል። ሥራ አስኪያጁ ይናደዳል፤ ሁለተኛ ጀልባ ሊያስገዛ ነበራ! ቦርዱ ግን «የመጀመሪያው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኪሳራው ተሸፋፍኖ ቢቆይ ይህ ጥያቄ የሚነሳው ሁለተኛው ጀልባ ከተገዛ በኋላ ነበር።

የታገደው እንግዲህ መጥፎው ግዢ ነው። ጥሩ ሐሳብ ያለው ድርጅትማ ይጠቀማል፤ አበዳሪ ጉዱን የማይደብቅ መዝገብ ያምናላ። ጋርሲያ ላራ፣ ጋርሲያ ኦስማ እና ፔናልቫ በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ጠንቃቃ ድርጅቶች ከልክ ያለፈውንም ከልክ ያነሰውንም ኢንቨስትመንት እንደሚቀንሱ አሳይቷል።

«ጥንቃቄ ትርፍን አሳንሶ ማሳየት ነው»

አይደለም። የዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎች ቦርድ በ2010 እ.ኤ.አ. ደረጃዎቹ ከሚመሩበት የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ ያወጣውን ጥንቃቄ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲመልሰው ሀብትን ማሳነስ እንደማይፈቀድም አብሮ ጽፏል። ዘንድሮ ለሚጠበቅ ኪሳራ መጠባበቂያ አብዝቶ ይዞ፣ ለከርሞ ያንኑ መልሶ «አተረፍን» ማለት ተንኮል ነው።

«የወረቀት ኪሳራ ነው፣ ብር አልወጣም»

ብሩስ አልወጣም። የትርፍ ድርሻው፣ ቦነሱ፣ አንዳንዴም የባንክ ብድር ውሉ የሚታየው ግን በዚያው ወረቀት ነው።

«ጥንቃቄ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ሁሌ አይደለም፤ እዚህ ላይ የጥንቃቄ ተቺዎች እውነት አላቸው። እምቦጭን ወደ ማዳበሪያ ለመቀየር የሚሞክር ድርጅት የምርምር ወጪውን እንደ ሀብት መያዝ አይችልም፤ ከዓመቱ ትርፍ ላይ ይቀነሳል። ቦነሱ በዓመቱ ትርፍ የሚሰላ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ያለውን ሥራ ዞር ብሎም አያየው። እኔ ብሆን ሒሳቡን ሳልነካ የቦነሱን መለኪያ ወደ ሦስት ዓመት ውጤት አዞረው ነበር።