አህጉራዊ ስምምነቶችና የአገራት የኢሚግሬሽን ሥልጣን

ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ብሎ መወሰን የእያንዳንዱ አገር ሥልጣን ነው። ይህን የሚክድ የለም። አገሩ ከጎረቤቶቹ ጋር ስምምነት ከፈረመ በኋላ ግን ቤቱ የራሱ ቢሆንም በሩን እንዳሻው አይዘጋም። ነገሩ በጣም ርቆ የሄደው አውሮፓ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አውሮፓ ሁለት ሥርዓቶች አሏት፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። አንደኛው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። መነሻው በ1957 ስድስት አገራት ሮም ላይ የፈረሙት ውል ነው። ያኔ የመዘዋወር ነፃነት የነበረው ለሠራተኛ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት በ2004 የወጣው መመሪያ ነው። የአባል አገር ዜጋ መታወቂያውን ወይም ፓስፖርቱን ይዞ ሌላ አባል አገር ሦስት ወር መቀመጥ ይችላል፤ ለምን መጣህ አይባልም። ከዚያ ለሚበልጥ ቆይታ ሥራ ወይም ትምህርት፣ አለዚያም መተዳደሪያ ገንዘብና የጤና መድን ይጠየቃል። አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖረ ቋሚ ነዋሪ ይሆናል። ማባረሩም ቀላል አይደለም፤ በወንጀል መፈረዱ ብቻውን አይበቃም፣ ዛሬም ከባድ ስጋት መሆኑ መታየት አለበት። ብሪታንያን ከኅብረቱ ካስወጧት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመዘዋወር ነፃነት ነው ይባላል።

ሁለተኛው የ1950ው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ነው። የጥገኝነት መብት አልተጻፈበትም። 3ኛው አንቀጽ ግን ማሰቃየትንና ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከዚህች አጭር አንቀጽ ብዙ አወጣ። በ1989 አንድን ሰው እንዲህ ያለ አያያዝ ወደሚጠብቀው አገር አሳልፎ መስጠት ራሱ ጥሰት ነው አለ። በ1996 ደግሞ ‹ለብሔራዊ ደኅንነት ያሰጋናል› የሚለውም ምክንያት ክልከላውን አያነሳም ሲል ወሰነ።

ከሁሉም በጉልህ የሚጠቀሰው በአንዱ ከሳሽ ስም የሚጠራው የሒርሲ ጀማ ጉዳይ ነው። ግንቦት 6 ቀን 2009 ከሊቢያ የተነሱ 200 ያህል ሰዎች በሦስት ጀልባ የጣሊያን ደሴት የሆነችው ላምፔዱዛ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የጣሊያን መርከቦች አገኟቸው። ወደ ጦር መርከብ አወጧቸው። ማን እንደሆኑ እንኳ አልተጠየቁም፤ ወዴት እንደሚሄዱም አልተነገራቸውም። ራሳቸውን ትሪፖሊ ወደብ ላይ አገኙት። ከመካከላቸው 13 ኤርትራውያንና 11 ሶማሊያውያን ጣሊያንን ከሰሱ። ጣሊያን ‹ዓለም አቀፍ ባሕር ላይ ያደረግነው ነፍስ ማዳን ነው› ብላ ተከራከረች። የፍርድ ቤቱ ታላቁ ችሎት የካቲት 2012 በሙሉ ድምፅ ፈረደባት፤ መርከቡ የጣሊያንን ባንዲራ እስካውለበለበ ድረስ ኃላፊነቱም የጣሊያን ነው። ለእያንዳንዳቸው 15,000 ዩሮ ካሳ ተወሰነ።

ይኸው ፍርድ ቤት በ2020 ሞሮኮን የምታዋስነውን የስፔን ከተማ የሜሊያን አጥር ዘለው የገቡ ሁለት ሰዎችን የመለሰችውን ስፔንን ነፃ አድርጓል። ወደኋላ ተመለሰ የሚሉ አሉ፤ አከራካሪ ነው።

አፍሪካ በዚህ ረገድ ከማንም አታንስም። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት አደጋ የሚጠብቀውን ሰው ድንበር ላይ መመለስን በግልጽ ይከለክላል። የስደተኛንም ትርጉም አስፍቶ ከውጭ ወረራና ከከባድ ሁከት የሚሸሹትን አካቷል። በምዕራብ አፍሪካ በ1979 በወጣው ፕሮቶኮል መሠረት የኢኮዋስ (የአካባቢው አገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ) አባል አገር ዜጋ በሌላ አባል አገር 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል። የአፍሪካ ኅብረት የነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል በ2018 ወጥቷል፤ ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገራት ማጽደቅ አለባቸው። ፈራሚው ብዙ ነው፤ ያጸደቁት ግን በጣት ይቆጠራሉ።