ባለ ክንፉ የእንግሊዝ ወንበር ምንድን ነው?

መደገፊያው ረጅም የሆነ፣ ከትከሻ በላይ በግራና በቀኝ እንደ ጆሮ የወጣ ነገር ያለው ወንበር ሳታዩ አትቀሩም። ዛሬ ዛሬ ሆቴል ሎቢ ውስጥ አይጠፋም። ሰው ሲቀመጥበት ንጉሥ ያስመስለዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጆሮው ለግርማ ሞገስ የተጨመረ ይመስለናል። አይደለም። ጆሮው የተሠራው ለብርድ ነው።

እንግሊዞች ያንን ጆሮ "ክንፍ" ይሉታል፤ ወንበሩም ባለ ክንፍ ወንበር ይባላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግን በተለምዶ የሚጠሩት "ምቹ ወንበር" እያሉ ነበር።

የእንግሊዝ መኳንንት ገጠር ላይ የሠሯቸው ቤቶች ሰፋፊ ናቸው። ጣሪያቸው ሩቅ፣ በራቸውና መስኮታቸው ብዙ ነው። ሙቀት የሚገኘው ግድግዳው ውስጥ ከተሠራው ምድጃ ነው። ችግሩ ምድጃው ራሱ ብርድ ይጠራል። እሳቱ የክፍሉን አየር በጭስ ማውጫው ይዞ ሲወጣ፣ በምትኩ ቀዝቃዛው አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ሽው እያለ ይገባል። እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ እየተጠበሰ ማጅራቱን ብርድ ይመታዋል። ክንፎቹ ያንን ነፋስ ይከለክላሉ፣ የእሳቱንም ሙቀት አቅፈው ያቆያሉ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግ ደግሞ ጭንቅላት ያርፍባቸዋል።

ከጥንቶቹ መካከል ሁለቱ ለንደን ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው ሃም ሃውስ የሚባል የመኳንንት ቤት ይገኛሉ። የሎደርዴል መስፍንና ሚስቱ በ1670ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሠሯቸው ናቸው። በ1679 በተጻፈው የቤቱ ዕቃ ዝርዝር ላይ "የመኝታ ወንበሮች" ተብለው ተመዝግበዋል። መደገፊያቸው በብረት ጥርስ እየተያዘ ወደ ኋላ ይጋደማል። ከ300 ዓመት በላይ የሆነው ነገር መሆኑን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ባለ ክንፉ ወንበር እንግዳ መቀበያ ሳሎን ውስጥ የሚታይ ዕቃም አልነበረም። እዚያ ግድግዳ ተጠግተው የሚደረደሩት ሌሎች ወንበሮች ነበሩ። እሱ በአብዛኛው መኝታ ቤት ነበር ቦታው። የሚቀመጡበትም ሽማግሌዎች፣ በሽተኞችና አራሶች ነበሩ። አንዳንዱ እንዲያውም ከመቀመጫው ሥር ፖፖ ይደበቅበት ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ወንበሩን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ለእኔ ግን ትልቁ ጥበብ ያለው ከጨርቁ ሥር ነው። የማይታየው አጽሙ ብዙ ጊዜ ቢች ከሚባል ርካሽ እንጨት ይሠራል። የሚታየው እግሩ ቀደም ሲል ዋልነት፣ በኋላ ደግሞ ማሆጋኒ ከሚባል እንጨት ነው። ታች ላይ ከተልባ እግር ወይም ሄምፕ ከሚባል ተክል ክር የተሠሩ ጠፍሮች ልክ እንደ ጠፍር አልጋ ይጠላለፋሉ። በላያቸው ጆንያ መሳይ ጨርቅ ይወጠራል። ከዚያ የፈረስ ጭራ ይሞላበታል። ጭራው መጀመሪያ እንደ ገመድ ይገመዳል፣ ይቀቀላል፣ ይደርቃል። ሲፈታ ጥቅልል ብሎ ይቀራል። ተጭነው ሲለቁት የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሠሪው ጠርዙን በረጅም መርፌ ደጋግሞ እየወጋ ያጠነክረዋል፤ ቅርጹ ሳይናድ ብዙ ዘመን የሚቆየው በዚያ ስፌት ነው። ከላይ የሚለብሰው ከፋይ፣ ሐር ወይም የሱፍ ጨርቅ ይሆናል። አንዳንዱን የቤቱ ሴቶች በእጃቸው ይጠልፉት ነበር። ጥሩ ጨርቅ ከሆነ ዋጋው ከእንጨቱ ይበልጣል።

ሞላ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። ሳሙኤል ፕራት የተባለ የለንደን የካምፕ ዕቃ ሠሪ ባለ ሞላ መቀመጫ በስሙ ያስመዘገበው በ1828 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ "የ1720 ወንበር ነው" ተብላችሁ ስትቀመጡበት ሞላ ካነጠራችሁ፣ ወይ ወንበሩ የተባለውን ያህል አላረጀም ወይ ሆዱ ተቀይሯል። ስፖንጅ ከሆነማ የ20ኛው ክፍለ ዘመን እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። አሮጌውን ጭራ አውጥቶ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ቅርጹ አብሮ ይሄዳል፤ ያ ወንበር ያለፈበት ታሪክም አብሮ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ጨርቅ ግን በአብዛኞቹ ላይ የለም። አርጅቶ ተቀይሯል፣ አንዳንዴ አራት አምስት ጊዜ። በተለበሰ ቁጥር አዲስ ምስማር ይመታል፤ እንጨቱም ወንፊት ይመስላል። ጥንቁቅ አዳሽ ቸኩሎ አያጸዳውም። ወንበሩን ገልብጦ በማጉያ መነጽር እያንዳንዱን ቀዳዳ ያያል። አንዳንዴ ከዛገች ምስማር ራስ ሥር የጥፍር ስባሪ የምታህል ክር ተጣብቃ ይገኛል፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ። የመጀመሪያው ልብስ ቀለም የሚታወቀው ከእሷ ነው።