ማስኩ ሲወርድ ሆስተሷ ለምን ለራሷ ታስቀድማለች?

ከመነሳታችን በፊት ሆስተሶቹ ስለ ኦክስጅን ማስክ ሲያሳዩ አብዛኞቻችን ስልካችን ላይ ነን። ስለዚህ ስለ ማስኩ የምናወራው ግማሹ ከፊልም፣ ግማሹ ከወሬ የመጣ ነው።

«ማስክ ወረደ ማለት አለቀልን ማለት ነው»

አይደለም። አውሮፕላኑ 35,000 ጫማ ላይ ቢበርም፣ የካቢኑ አየር ቢበዛ እስከ 8,000 ጫማ ገደማ እንዳለ ሆኖ ነው የሚቆየው። አዲስ አበባ የተቀመጣችሁ ያህል ማለት ነው። የአየር ግፊቱ ቀንሶ የካቢኑ አየር ወደ ራስ ዳሽን ጫፍ አየር ሲጠጋ፣ 14,000 ጫማ አካባቢ እንዳለ ሲሆን፣ ማስኮቹ በራሳቸው ይወርዳሉ። ከዚያ ፓይለቶቹ ሆን ብለው ወደ 10,000 ጫማ ይወርዳሉ፤ ከእንጦጦ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያ ሆድ የሚያገላብጥ ቁልቁለት መውደቅ አይደለም። የማስኩ ኦክስጅንም ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ የሚቆየው ለዚሁ መውረጃ ተብሎ ነው።

«ሆስተሷ እኛን ትታ ለራሷ!»

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። 35,000 ጫማ ላይ ያለ ኦክስጅን አእምሮ በትክክል የሚሠራው ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ብቻ ነው። ክፋቱ ደግሞ አያምም። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ደስ ደስ ይለዋል፤ ማስኩ አፍንጫው ሥር ተንጠልጥሎ እጁን ለመዘርጋት ግን አይመጣለትም። ስለዚህ ሆስተሷ ቡና እየቀዳች ከነበረ፣ የጋሪውን ፍሬን ረግጣ ቅርቧ ያለውን ማስክ ትይዛለች። ባዶ ወንበር ከሌለ ሁለት ተሳፋሪ መሃል ትሸጎጣለች። በየረድፉ ትርፍ ማስክ የሚኖረው ለሕፃን ብቻ እንዳይመስላችሁ። እሷ ራሷን ከሳተች ማን ሊረዳችሁ ነው?

«የማስኩ ከረጢት ካልተነፋ ኦክስጅን የለም»

አለ። ብቻ ማስኩን ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት፤ ብዙዎቹ ላይ ኦክስጅኑ መውጣት የሚጀምረው ሲሳብ ነው። ከላይ የሚቃጠል ነገር ቢሸታችሁም አትደንግጡ፤ ኦክስጅኑን የሚሠራው ኬሚካል ስለሚግል ነው።

«አፍ ላይ ካደረጉት ይበቃል»

በሚያዝያ 2018 በፈረንጆቹ፣ የአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ አውሮፕላን ሞተሩ ፈንድቶ መስኮት ሲሰበር ተሳፋሪዎች የተነሱትን ፎቶ አስታውሱ። አፋቸውን ሸፍነው አፍንጫቸውን ክፍት ትተውታል። ሁለቱንም ነው የሚሸፍነው።

«አውሮፕላኑ ቀጥ ካለ በኋላ ሥራቸው አለቀ»

ያኔ ነው የሚጀምረው። ካፒቴኑ መነሳት ይቻላል ሲል፣ ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ጠርሙስ ይዘው ይዞራሉ። ራሱን የሳተ አለ? ሽንት ቤት ውስጥ የቀረ ሰውስ?

ቁልቁለቱ ጭራሽ ካልመጣስ? ነሐሴ 14 ቀን 2005፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ ከላርናካ ወደ አቴንስ የሚበረው የቆጵሮሱ ሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ላይ የሆነው ይሄ ነው። የካቢኑ አየር ግፊት መቆጣጠሪያ በራሱ በሚሠራበት ፋንታ ማንዋል (በእጅ) ላይ ቀርቶ ነበር። ፓይለቶቹ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለሌላ ነገር ወሰዱት፤ ራሳቸውንም ሳቱ። ካቢን ውስጥ ማስኮቹ ወርደዋል፤ አውሮፕላኑ ግን እስከ 34,000 ጫማ መውጣቱን ቀጠለ። አጅበው ይበሩ የነበሩ የግሪክ ኤፍ-16 ተዋጊ ጄት አብራሪዎች በመጨረሻ አንድ ሰው ኮክፒት ገብቶ ሲቀመጥ አዩ። የበረራ አስተናጋጅ ነበር። ነዳጁ ግን እያለቀ ነበር። 121 ሰዎች ሞቱ። ማስክ ወርዶ አውሮፕላኑ ካልወረደ ሆስተሶች ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ኮክፒት ይደውላሉ፣ መልስ ካጡ ጠርሙሳቸውን አንጠልጥለው ወደዚያው ይሄዳሉ።