በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጸሎት ተከልክሏልን?

ብዙዎች «ተከልክሏል» ቢሉም፣ ሕጉ የሚከለክለው ትምህርት ቤቱ የሚመራውን ጸሎት እንጂ የተማሪውን የግል ጸሎት አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 የኒውዮርክ ባለሥልጣናት ያዘጋጁት አጭር ጸሎት በክፍል ውስጥ እንዳይደገም የወሰነው፣ ያልፈለገ ልጅ ከጸሎቱ መቅረት ይችል የነበረ ቢሆንም፣ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ መንግሥት ሃይማኖትን እንዳያቋቁም ስለሚከለክል ነው።

ይኸው ማሻሻያ የእምነት ነፃነትንም ያስከብራል። ስለዚህ ዐቢይ ጾምን የምትጾም ተማሪ የጾም ምሳዋን ከመብላቷ በፊት አማትባ ብትጸልይ መምህሯ ሊያስቆማት አይችልም፤ ክፍሉን አስነሥቶ «አቡነ ዘበሰማያት» ማስባል ግን አይፈቀድለትም። ልዩነቱ ያለው በጸሎቱ ቃል ላይ ሳይሆን በሚመራው ሰው ሥልጣን ላይ ነው፤ ለሕፃን ልጅ መምህሩን እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ወላጅ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ሃይማኖትን እንደ ታሪክና እንደ ባህል ማስተማር ይፈቀዳል። አከራካሪው የሠራተኞች ጸሎት ነው፦ በ2022 ፍርድ ቤቱ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ለጸለየ አሠልጣኝ ፈርዶለታል፤ በሐሳብ የተለዩት ሦስት ዳኞች ግን ተጫዋቾቹ አብረውት እንዲጸልዩ ጫና ይሰማቸዋል ብለው ተቃውመዋል።