ማንበብ ማመን ነው እንዴ?

«ሃይማኖቴ የማይፈቅደውን መጽሐፍ ኮሌጅ አንብብ ቢለኝ እምቢ ማለት እችላለሁ?» ጥያቄው ስለተደጋገመ የአሜሪካውን ላስረዳ።

የመንግሥት ኮሌጅ እመኑ ብሎ ሊያስገድዳችሁ አይችልም። አንብባችሁ ተፈተኑ ማለት ግን ይችላል። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ፈተናው «ዝግመተ ለውጥ ምን ይላል?» ካለ፣ የሚለውን ትጽፋላችሁ። አምናችሁበታል ወይ ያለ የለም።

በ2002 እ.ኤ.አ. የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል አዲስ ተማሪዎቹ ስለ ቁርኣን የተጻፈ መጽሐፍ እንዲያነቡ መደበ። ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ግን አላገደውም። ማንበብ ያልፈለገ ሰው ለምን እንዳልፈለገ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ተፈቅዶለት ነበር። (ከቤት ሥራ ሸሽቶ ቤት ሥራ!)

ምትክ ንባብ ማግኘት ግን እንደ ኮሌጁና እንደ መምህሩ ይለያያል። ብቻ ሴሚስተሩ ሲጀምር ጠይቁ። በፈተና ዋዜማ ከሆነ ሰበብ ይመስላል።