ቶፖአይሶሜሬዝና የካንሰር ኬሞቴራፒ

ጥጥ የፈተለ ሰው ያውቀዋል፤ ክር ከልኩ በላይ ሲከር መልሶ በራሱ ላይ ይጠመጠማል። የዲኤንኤም ጣጣ ይኸው ነው። ከአንድ የሰው ሕዋስ ወጥቶ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ጥንድ ክር በኒውክለስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ለመገልበጥ፣ ማለትም ቅጂ ለመሥራት፣ ሁለቱ ክሮች ሲላቀቁ ከፊት ያለው ክፍል ይበልጥ ይከራል። የከረረውን የሚያላሉት ቶፖአይሶሜሬዝ የተባሉት ኤንዛይሞች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ጄምስ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ1971 በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘቱን አስታወቀ።

አንደኛው ዓይነት ከጥንዱ አንዱን ክር ብቻ ቆርጦ ካላላው በኋላ መልሶ ይቀጥለዋል። ሁለተኛው ዓይነት ሁለቱንም ይቆርጥና በክፍተቱ ሌላ የዲኤንኤ ጥንድ ክር አሳልፎ ይዘጋዋል። ቆርጦ እስኪቀጥል ድረስ ኤንዛይሙ የክሩን ጫፍ አይለቅም፤ ተጣብቆበት ይቆያል። በእነዚህ ኤንዛይሞች ላይ የሚያነጣጥሩት የካንሰር መድኃኒቶች የሚያደቡት ለዚህች ቅጽበት ነው።

«የኤንዛይም ማገጃ» የሚለው የተለመደ መጠሪያቸው ስለዚህ በከፊል ያሳስታል። ኢቶፖሳይድም ሆነ ኢሪኖቴካን ኤንዛይሙ ከቆረጠ በኋላ እንዳይቀጥል አስረው ይይዙታል። ዲኤንኤውን እየገለበጠ የሚመጣው የሕዋሱ መሣሪያ እዚያ ከተቸነከረው ኤንዛይም ጋር ሲላተም፣ ጊዜያዊው ቁርጥ እውነተኛ ስብራት ይሆናል። ስብራቱ ሲበዛ ሕዋሱ ይሞታል። ገዳዩ እንግዲህ ራሱ ኤንዛይሙ ነው፤ የኤንዛይሙ መጠን ያነሰበት ዕጢ መድኃኒቱን የሚቋቋመውም ለዚህ ነው። ቲዲፒ1 እና ቲዲፒ2 የተባሉ የጥገና ኤንዛይሞች ደግሞ የተጣበቀውን እያላቀቁ ሕዋሱን ሊያተርፉት ይችላሉ።

መቅኔ፣ የፀጉር ሥርና የአንጀት ግድግዳም እንደ ዕጢው በፍጥነት ስለሚባዙ ከዚህ ዱላ አያመልጡም። የልብ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ ኖሯል፤ የልብ ጡንቻ ሕዋስ እምብዛም አይባዛማ! ከእነዚህ መድኃኒቶች ልብን በመጉዳት የታወቀው ዶክሶሩቢሲን ነው። መነሻው ጣሊያን ውስጥ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከተባለው ጥንታዊ ግንብ አካባቢ በተወሰደ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ሲሆን ሽንትንም ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ ይህ ያስደነግጥ እንደሆነ እንጂ አይጎዳም። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ግን ሥጋ ያቆስላል፤ ነርሶች ዓይናቸውን ከመርፌው የማይነቅሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ቶፖአይሶሜሬዝ በሰው ላይ አልፋና ቤታ የተባሉ ሁለት መልኮች አሉት። አልፋ በሚባዙ ሕዋሳት ይበዛል፤ ቤታ በልብ ጡንቻም አለ። ዶክሶሩቢሲን ሁለቱን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ቤታ ከልባቸው ሕዋስ የተወገደባቸው አይጦች ከጉዳቱ ተጠብቀዋል። ጉዳቱ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ሐኪሞች ታካሚው በዕድሜው የወሰደውን ድምር ይመዘግባሉ፤ የተለመደው ጣሪያ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ነው። ዴክስራዞክሳን የተባለው መድኃኒት ልብን ለመከላከል ይሰጣል።

ሌላው መዘዝ ብርቅ ቢሆንም ከባድ ነው። የተቆረጠ ክር ከማይገባው ጫፍ ጋር ሲቀጠል፣ በተለይ ክሮሞሶም 11 ላይ ባለው ኤምኤልኤል ጂን ላይ፣ ከኢቶፖሳይድ ሕክምና በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ የደም ካንሰር ሊነሣ ይችላል።

ሁሉን ነገር በቶፖአይሶሜሬዝ ማሳበብ ግን አይገባም። የኢሪኖቴካን ብርቱ ተቅማጥ ከጉበትም ጋር የተያያዘ ነው፦ ጉበት ያከሸፈውን የመድኃኒቱን መርዝ የአንጀት ባክቴሪያዎች እንደገና ይፈቱታል። የማክሸፊያው ኤንዛይም በውርስ የደከመባቸው ሰዎች ይበልጥ ስለሚጎዱ ሐኪሙ መነሻውን መጠን ዝቅ ሊያደርግላቸው ይችላል።