የበጀት ጉድለት ምንድን ነው? ከዕዳስ በምን ይለያል?

ባሕር ዳር፣ ሰፈራችን ያለችው ሱቅ ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በዘይት የወዛ የዱቤ ደብተር አላት። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ገጽ አለው። ደመወዝ ሲወጣ የተቻለው ይከፈላል። የዚህ ወር ወጪ ከደመወዙ በልጦ የጎደለው ብር፣ እሱ ጉድለት ነው። ገጹ ሲሞላ ባለሱቋ አዲስ ገጽ ትገልጥና የቀድሞውን ድምር አናቱ ላይ ትጽፈዋለች፤ ያ ደግሞ ዕዳ ነው።

መንግሥትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው የበጀት ዓመት የሚያወጣው ከግብር፣ ከቀረጥና ከእርዳታ ከሚያገኘው ሲበልጥ ልዩነቱ የበጀት ጉድለት ይባላል፤ የየዓመቱ ጉድለት በብድር እየተሞላ ሲደራረብ ደግሞ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ «ጉድለቱ ቀነሰ» ሲባል ዕዳው ቀነሰ ማለት አይደለም፤ የሚጨምረው በዝግታ ሆነ ማለት ነው። ብዙው ክርክር የሚከረው ሁለቱ እየተምታቱ ነው።

ጉድለት የሚሞላው በብድር ነው። አገር ውስጥ የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት በአጭር ጊዜ እመልሳለሁ ብሎ የሚበደርበት ወረቀት፣ ለባንኮች ይሸጣል። ብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲያበድር ግን አዲስ ገንዘብ ይረጫል፤ እሱም ዞሮ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ላይ ይታያል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንደ ዶላር ባለ የውጭ ገንዘብ የሚመለሰው የውጭው ብድር ነው። ከጎረቤት አንድ ኩንታል ጤፍ ተበድራችሁ ልትመልሱ ስትነሡ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ቢጠብቃችሁስ? ኩንታሉ ያው አንድ ነው፤ ከኪስ የሚወጣው ብር ግን እጥፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አንድ ዶላር ሳንጨምር ዕዳችን በብር ሲተመን አበጠ። ከዚያ በፊትም፣ ታኅሣሥ 2016፣ በ2007 ለውጭ አበዳሪዎች ለተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (የብድር ሰነድ) መከፈል የነበረበት 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀርቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዱ ወገን ወጪ ይቀነስ ይላል፤ ሌላው ግብር በደንብ ይሰብሰብ። ለእኔ ቀድሞ የሚመጣው ብድሩ ምን ላይ ዋለ የሚለው ነው። ግንቦት 2016 እንደተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ያለ ሥራ ልጆቻችንም ስለሚሻገሩበት ወጪውን ቢጋሩ አግባብ ነው። የአምናን ወለድ ለመክፈል መበደር ግን ለማንም አይተርፍም።

ቅነሳውም ቢሆን የሚያርፍበት ሰው አለ። የማዳበሪያ ድጎማ ቢነሣ ከበጀት ሠንጠረዡ የወጣው ብር ደንቢያ ያለው ገበሬ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ለዘር ወቅት ማዳበሪያ መግዣ ብሎ በጉን እየጎተተ ገበያ የሚወርደው እሱ ነው።